ሱቅ ለምን ይወደዳል? ስልክ ላይ ያለውስ ለምን ይረክሳል?

(እሁድ ከጸሎት በኋላ ለእህቶች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው በላባችን ስላገኘነው ገንዘብ ነው። እሁድ እሁድ ከዚህ ስንወጣ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ይህ ጫማ ስልኬ ላይ 14 ዶላር ነው። ቡርጅ ሐሙድ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ 20 ዶላር ይሉኛል። ጫማው ያው፣ ቀለሙ ያው። ባለሱቁ ሀበሻ መሆኔን አይቶ ይሆን?» ትላላችሁ።

ፊት አይቶ ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ የለም አልልም። ዋጋ ያልተለጠፈበት ሱቅ ስንገባ ይህ ይደርስብናል። ነገር ግን ዋጋውን በግልጽ የለጠፈ፣ ለማዳምም ለእኛም እኩል የሚሸጥ ሱቅም ቢሆን ከስልኩ ይወደዳል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። በወር 200 ዶላር ለምታገኝ እህት 6 ዶላር የአንድ ቀን ደሞዝ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የአንድ ቀን ድካማችን ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይገባናል።

ሱቅ በደረቴን አስታውሱ

አገር ቤት ሱቅ በደረቴን የማያውቅ የለም። ሣጥኑን በአንገቱ አንጠልጥሎ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ባትሪ ይዞ ሲዞር ይውላል። ሱቁ ደረቱ ነው። የሱቅ ኪራይ አይከፍልም፣ የመብራት አይከፍልም፣ ዘበኛ አይቀጥርም። ስለዚህ ዕቃውን ከባለሱቁ አሳንሶ ቢሸጥም ያዋጣዋል።

ግን የገዛችሁት ባትሪ ማታ ቤት ገብታችሁ አልሠራ ቢል፣ ነገ የት ታገኙታላችሁ? ዛሬ ፒያሳ ነው፣ ነገ መገናኛ ነው። ባለሱቁ ግን ትናንት በነበረበት ዛሬም አለ። ተመልሳችሁ «ይህ ነገር አልሠራም» ልትሉት ትችላላችሁ። ጎረቤት ስለሚያውቀው ያፍራል፣ ነገም ደንበኛ ይፈልጋል። ለኪራዩ የምንከፍለው ገንዘብ ውስጥ ይህ «ቦታው ላይ መገኘት» አብሮ አለ።

ስልክ ላይ የሚሸጡልን ብዙዎቹ ሱቅ በደረቴ ናቸው፤ ደረታቸው ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም ወይም ዋትስአፕ ሆነ እንጂ። ይህን የምለው ለመናቅ አይደለም። ከእኛ መካከልም ነጠላ፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ በርበሬ፣ ሽሮ በስልክ የሚሸጡ ታታሪ እህቶች አሉ። የመኖሪያ ፈቃዳችን ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ስለሆነ በስማችን ሱቅ ለመክፈት መንገድ የለንም። እነሱ በስልክ የሚሸጡት ሌላ በር ስላልተከፈተላቸው ነው።

የአንድ ጥንድ ጫማ ሒሳብ

ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቤት ሚስተር የጫማ ሱቅ ነበራቸው። በየወሩ መጨረሻ ወረቀታቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከማዳም ጋር ሲያሰሉ፣ እኔ ዕቃ እያጠብኩ እሰማ ነበር። ለመቁጠር እንዲመቸን ቁጥሩን ድፍን ድፍን አድርጌ ላስቀምጠው።

አንድ ጥንድ ጫማ ከጅምላ ነጋዴ በ10 ዶላር ይገዛል እንበል። ሱቁ በወር ይህን ያወጣል፦

ኪራይ 600 ዶላር፤
ኢሽቲራክ (የሞተር መብራት) 150 ዶላር፤
የምትሸጠው ልጅ ደሞዝ 400 ዶላር፤
ፌስታል፣ ጽዳት፣ የተበላሸና ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ 100 ዶላር።

ሲደመር 1,250 ዶላር ነው። በወር 250 ጥንድ ከተሸጠ፣ ለእያንዳንዱ ጫማ 5 ዶላር ወጪ ይደርሰዋል። 10 ሲደመር 5፣ 15 ዶላር። ባለሱቁ ልጆቹን የሚያሳድግበት 3 ዶላር ያተርፋል፤ 18 ሆነ። በዚህ ላይ የመንግሥት ግብር አለ። እዚህ ቲ-ቪ-ኤ የሚሉት፣ አገራችን ቫት የምንለው ነው። በሊባኖስ ይህ ግብር በ2002 በ10 በመቶ ተጀመረ፣ በ2018 ወደ 11 በመቶ ከፍ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሽያጩ ሕጉ ከወሰነው መጠን በላይ የሆነ ነጋዴ ከገዢው ተቀብሎ ለመንግሥት ማስገባት አለበት። የ18 ዶላር 11 በመቶ 2 ዶላር ገደማ ነው። ጫማው 20 ዶላር ሆነ።

አያችሁ? ከ20 ዶላሩ ውስጥ ለባለሱቁ ኪስ የሚተርፈው 3 ዶላር ብቻ ነው።

አሁን በስልክ የሚሸጠውን እንቁጠር። ጫማው ያው 10 ዶላር። ለኢንተርኔትና ለማስታወቂያ 1 ዶላር። ትርፉ ያው 3 ዶላር። 14 ዶላር ሆነ። ኪራይ የለም፣ ኢሽቲራክ የለም፣ ሻጭ ልጅ የለችም፤ ሽያጩ ትንሽ ከሆነ ወይም ካልተመዘገበ ግብርም የለም። እንግዲህ 14 ዶላር የሚሸጠው የግድ ደግ ስለሆነ አይደለም፤ 20 የሚሸጠውም የግድ ሌባ ስለሆነ አይደለም። የሁለቱም ትርፍ እኩል ሊሆን ይችላል።

ቤይሩት ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት የሚሰፋበት ምክንያት አለ። የመንግሥት መብራት በቀን ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሚመጣ፣ ሱቅ ከፍቶ የሚውል ሰው ለሞተር ባለቤት ይከፍላል። ብርዱን፣ ሙቀቱን፣ መብራቱን ሁሉ በዚያ ነው የሚችለው። መጋዘኑ ጨለማ ቢሆን ግን ጫማ አያማርርም። በቡርጅ ሐሙድ አራክስ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ሰው የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ኪራይ ይከፍላል፤ በአሽራፊየ ኤ-ቢ-ሲ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ሱቅ ኤል አሃድ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሸጠው ወጪው ዝቅ ስለሚል ዋጋውም ዝቅ ይላል። ስልኩ የዚያ መሰላል የታችኛው ደረጃ ነው።

ኢንተርኔት ራሱ ዋጋ አያረክስም

ስልክ ላይ ያለ ሁሉ ይረክሳል ብላችሁ እንዳታስቡ። አልቤርቶ ካቫሎ የተባለ ተመራማሪ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በ10 አገሮች በሱቅም በኦንላይንም የሚሸጡ 56 ትልልቅ ነጋዴዎችን ዋጋ አነጻጸረ። ከመቶ 72 ያህሉ ጊዜ የሱቁና የኦንላይኑ ዋጋ እኩል ነበር። ለምን? ሱቅ ያለው ነጋዴ በስልክ ቢሸጥም የሱቁን ኪራይ ይከፍላልና። ዋጋ የሚያወርደው ስልኩ ሳይሆን ሱቅ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የአንድ ሱቅ ገጽ ላይ አይታችሁ እዚያው ሱቅ ብትሄዱ ብዙ ጊዜ ያው ዋጋ ይጠብቃችኋል፤ የዴሊቨሪውን ታተርፋላችሁ።

ግብሩም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በአንድ ክፍለ ግዛት ሱቅም ቢሮም የሌለው ሻጭ፣ የዚያን ክፍለ ግዛት የሽያጭ ግብር ከገዢ የመሰብሰብ ግዴታ አልነበረበትም። ጎረቤቱ ያለው ባለሱቅ ግን ይሰበስብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የለወጠው በ2018 ነው። በአውሮፓ ኅብረትም ከውጭ በፖስታ የሚገባ ከ22 ዩሮ በታች የሆነ ዕቃ ከቫት ነፃ ነበር፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀረ። ባለሱቆቹ በእነዚያ ዓመታት «እኛ የምንከፍለውን እነሱ አይከፍሉም» ብለው ሲጮኹ እውነት ነበራቸው።

ወጪው ወዴት ሄደ?

አሁን ወደ ሚስተሩ ልመለስ። የዶላሩ ቀውስ መጣ። ለብዙ ዓመት 1 ዶላር 1,507 ሊራ ተኩል ነበር፤ ከ2019 በኋላ ሊራው ወደቀ፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምንሰማው 89,500 ነው። ገዢ ጠፋ። በነሐሴ 4 ቀን 2020 ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። ሚስተሩ ሱቃቸውን ዘጉና በኢንስታግራም መሸጥ ጀመሩ። ሳሎኑና በረንዳው በካርቶን ሞላ።

የጫማው ዋጋ እውነትም ቀነሰ። ኪራዩ ቀረ፣ ኢሽቲራኩ ቀረ፣ የሻጯ ደሞዝ ቀረ። ሥራው ግን አልቀረም። ጫማውን ከካርቶን የሚያወጣ፣ ቁጥሩን የሚያይ፣ የሚያሽግ፣ ስምና ስልክ የሚለጥፍ፣ ለዴሊቨሪው ልጅ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። እራት አቅርቤ፣ ዕቃ አጥቤ፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ጫማ አሽግ ነበር። ደሞዜ ያው ነበር። የዚያ ጫማ ገዢ «እንዴት ረከሰ!» ስትል፣ ከርካሽነቱ የተወሰነው የእኔ እንቅልፍ ነበር።

እህቶቼ፣ ከዚያ የተማርኩት ይህን ነው። ወጪ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ተሸካሚ ይለውጣል። አንድ ዕቃ ረክሶ ስታገኙት «ሸክሙ ማን ትከሻ ላይ አረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንዳንዱ በእውነት የቀነሰ ወጪ ነው። አራክስ መንገድ ላይ መደብር መያዝ ካላስፈለገ፣ ያ ኪራይ ቀረ፤ ማንም አልተጎዳም።

አንዳንዱ ያልተከፈለ ግብር ነው።

አንዳንዱ በሠራተኛ ላይ ያረፈ ነው። በዝናብ በሞተር ብስክሌት የሚሮጠው ልጅ፣ ሳሎን ውስጥ የምታሽገው የቤት ሠራተኛ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2009 የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች መደበኛ ኮንትራት፣ አሠሪው ሠራተኛዋን ከቤቱ ውጭ ወይም በሌላ ሥራ እንዳያሰማራ ይላል። ንግድ የቤት ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያሠሯችሁ ካሉ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ጻፉ፤ የተቆጠረ ነገር ለመጠየቅም ለመናገርም ይመቻል።

የቀረው ደግሞ በገዢዋ፣ በእኛ በራሳችን ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ይህን ለብቻው እንየው።

በእኛ ላይ የሚያርፈው ሸክም

ሱቅ ውስጥ ጫማውን እናደርገዋለን፣ እንራመድበታለን፣ ቆዳውን እንዳስሰዋለን። በርበሬ ሲሆን እናሸተዋለን፤ በስልክ በርበሬ ማሽተት አይቻልም። ሱቁ ይህን ያዘጋጀልን በራሱ ወጪ ነው። በስልክ ስንገዛ የመሳሳቱ ዕዳ ወደ እኛ ይመጣል።

የጫማውን ሒሳብ እንቀጥል። 14 ዶላር ነበር። ዴሊቨሪ 4 ዶላር እንበል፤ 18 ሆነ። ከሱቁ በ2 ዶላር ብቻ ረከሰ። ቁጥሩ ጠቦ መለወጥ ብትፈልጉና ለመመለሻው ሌላ 4 ዶላር ቢጠይቋችሁ 22 ሆነ፤ ከሱቁ በ2 ዶላር ተወደደ። «አንለውጥም» ካሏችሁ ደግሞ የ18 ዶላር ጫማ አልጋ ሥር ተቀመጠ ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ለጫማው ብላችሁ ብቻ ከሩቅ ከመጣችሁ የሱቁም ዋጋ 20 ብቻ አይደለም። ቫኑ ደርሶ መልስ 2 ዶላር ቢያስከፍላችሁ 22 ሆነ። እሁድ ለጸሎት መምጣታችሁ ካልቀረ ግን መንገዱ በነፃ እንደተገኘ ቁጠሩት። ሁለት እህቶች አንድ ላይ በስልክ ብታዙ ደግሞ ሁለት ጫማ 28፣ ዴሊቨሪ 4፣ ድምር 32 ነው። ሱቅ 40 ነበር። ለእያንዳንዳችሁ 4 ዶላር ተረፈ። ያው ዕቃ ለአንዷ ይረክሳል፣ ለሌላዋ ይወደዳል። ስለዚህ ስልክ ላይ የምታዩትን ቁጥር ሳይሆን፣ ዕቃው እጃችሁ ገብቶ አግልግሎ የሚያስወጣችሁን ቁጠሩ።

የምንዛሪውንም አትርሱ። ሻጩ በዶላር ይጽፋል፣ በር ላይ በሊራ ይጠይቃል። 20 ዶላር በ89,500 ሲሰላ 1,790,000 ሊራ ነው። በ92,000 ቢያሰሉባችሁ 1,840,000 ይሆናል። 50,000 ሊራ ሳታውቁት ሄደ። «በስንት ነው የምታሰሉት?» ብላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

በር ላይ መክፈል

በ2019 መጨረሻ ባንኮቹ የሰዉን ዶላር ከያዙበት ጊዜ ወዲህ ሊባኖስ ውስጥ አብዛኛው ግብይት በጥሬ ገንዘብ ነው። የስልክ ግዢም ብዙውን ጊዜ ዕቃው ሲመጣ በር ላይ ነው የሚከፈለው። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥበቃ ነው። ለሻጩ ግን ወጪ አለበት፤ አንዷ አዝዛ «ሐሳቤን ለወጥኩ» ስትል ወይም ስልኳን ስትዘጋ፣ የመመላለሻውን ሻጩ ይከፍላል። ያንን በሌሎቹ ገዢዎች ዋጋ ላይ ያካክሰዋል። ስለዚህ ያዘዛችሁትን አክብራችሁ ተቀበሉ፤ ካልፈለጋችሁም ቀድማችሁ ንገሩ። የአንዷ ቀልድ ለሌላዋ ዋጋ ይሆናል።

አደጋው ያለው «ቀድመሽ ላኪ» ሲሉ ነው። በዊሽ ወይም በኦ-ኤም-ቲ የተላከ ገንዘብ ተቀባዩ አንዴ ካወጣው ማስመለስ ከባድ ነው። ከቻይና ወይም ከቱርክ አዝዞ የሚያመጣ ሻጭ ቀብድ መጠየቁ ያለ ነገር ነው፤ እሱም ቀድሞ ስለሚከፍል። ግን የምታውቁት ሰው የገዛበት፣ መልካም ስም ያለው ይሁን። ሙሉውን ዋጋ ለማታውቁት ሰው አትላኩ። «ሁለት ብቻ ቀርቷል፣ አሁኑኑ ላኪ» የሚል ሲገጥማችሁ ደግሞ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን አስታውሱ። ፈሶ ለመልቀም እንኳ የማይመች ገንዘብ አለ።

ሕጉም ቢሆን ሱቅ ላይ ይቀልላል። በ2005 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ቁጥር 659 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል። የኢኮኖሚ ሚኒስቴር የሸማቾች ጥበቃ ክፍል በ1739 ቅሬታ ይቀበላል። ሱቅ ሲሆን ስሙንና መንገዱን ትናገራላችሁ። ፎቶና የቅጽል ስም ብቻ ያለው ገጽ ሲሆን ግን ማንን ትከሳላችሁ? ነገ ስሙን ይለውጣል፣ ቁጥራችሁን ይዘጋል። የመኖሪያ ወረቀቷ ያልተስተካከለ እህት ደግሞ ለመክሰስም ትፈራለች፤ አጭበርባሪም ይህን ያውቃል።

ታዲያ ምን ከየት እንግዛ?

በስልክ ቢገዛ የማይከፋው፣ ከዚህ በፊት የምታውቁት ዕቃ ነው። የምታውቁት ሻምፑ፣ የምታውቁት ዓይነት ካልሲ፣ አንሶላ፣ የስልክ ሽፋን። መሳሳት የማይችል ወይም ቢሳሳት የማይጎዳ ነገር።

በሱቅ ብትገዙት የሚሻለው፣ ልክ ያለውና መብራት የሚሰካ ነገር ነው። ጫማ፣ ጡት ማስያዣ፣ ሱሪ፣ ሻንጣ፣ ስልክ፣ ቻርጀር፣ ማሞቂያ። ቻርጀርና ማሞቂያ ቤት ያቃጥላል። ስልክ ስትገዙ እዚያው አስከፍታችሁ፣ ሲማችሁን አስገብታችሁ፣ ደውላችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ውጡ።

ከማይታወቅ ሰው በጭራሽ የማይገዛው መድኃኒትና ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ነው። አንዳንዱ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ኩላሊት ይጎዳል። እሱ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

በስልክ ስታዙ እግራችሁን ወረቀት ላይ አስቀምጡና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በሳንቲሜትር ለኩ፤ «38 ነኝ» ከማለት «24 ሳንቲሜትር ነው» ማለት ይሻላል። የዕቃውን እውነተኛ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ጠይቁ። «ካልሆነኝ ይለወጣል? መመለሻውን ማን ይከፍላል? ከፍቼ አይቼ ነው የምከፍለው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ከስልካችሁ አታጥፉ። ዕቃው ናጡሩ ጋ የሚቀመጥ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት።

ሱቅን መልበሻ ክፍል አናድርገው

አንድ የምንሠራው ነገር አለ። ሱቅ ገብተን አራት ጫማ እናስወርዳለን፣ ቁጥራችንን እናውቃለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያ ወጥተን በስልክ እናዛለን። ዋጋ ማወዳደር መብታችን ነው፤ ድሃ ሳያወዳድር መግዛት አይችልም። ነገር ግን ሒሳቡን አስታውሱ። ሱቁ በወር 250 ጥንድ ሲሸጥ ለእያንዳንዱ 5 ዶላር ወጪ ይደርሰው ነበር። 125 ብቻ ቢሸጥ ኪራዩ አይቀንስም፤ ለእያንዳንዱ 10 ዶላር ይደርሰዋል። ያኔ ወይ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ሻጯን ያሰናብታል፣ ወይ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ቁጥራችንን የምንለካበት ቦታ የለም፤ የስልኩ ሻጭም ከማን ጋር ይወዳደራል? ዋጋውን እንዳሻው ያደርጋል።

በተለይ ስለ ዶራና ስለ ቡርጅ ሐሙድ የሀበሻ ሱቆች ልናገር። እዚያ ሽሮው ከስልኩ ሻጭ 1 ዶላር ቢወደድ፣ በዚያ 1 ዶላር ውስጥ ሽሮ ብቻ አይደለም ያለው። እሁድ ስትወጡ ቦርሳችሁን የምታስቀምጡት እዚያ ነው። ስልካችሁ ሲዘጋ ቻርጅ የምታደርጉት፣ ከአገር የመጣ ዕቃ የምትቀበሉት፣ ሥራ ያለበትን የምትጠይቁት፣ የጠፋች እህት ስትኖር «አይታችኋታል?» የምትሉት እዚያ ነው። ጨንቋት የወጣች ልጅ አማርኛ የሚሰማ ሰው የምታገኝበት በር ነው። ይህን ሁሉ ደረሰኝ ላይ አይጽፉትም፤ በሽሮው ዋጋ ውስጥ ነው የሚከፈለው። ከአቅም በላይ ክፈሉ አልልም። ሁሉንም ነገር ከስልክ ገዝተን ሱቁን ለመቀመጫ ብቻ ከፈለግነው ግን ወንበሩም አይቆይም።

እሁድ የማይለቀቁ፣ ከቤት የማይወጡ እህቶች እንዳሉን አውቃለሁ። ለእነሱ ይህ ሁሉ ምርጫ የለም፤ ያላቸው ሱቅ ስልኩ ብቻ ነው፣ እሱም ማዳም ከፈቀደች። ስለዚህ የምንወጣው ለማይወጡት አንድ ነገር እናድርግ። የጠየቁንን ከሱቅ አይተን እንግዛላቸው፣ ከደረሰኙ ጋር እንላክላቸው። በስልክም ከሆነ ብዙዎቻችን በአንድ ላይ አዘን ዴሊቨሪውን እንካፈል። ጥሩ ሻጭ ያገኘች ስሙን ለሌላዋ ትንገር፤ የተታለለችም አትፈር፣ ትናገር። የአንዷ ዝም ማለት ለሚቀጥለዋ ወጥመድ ነው።

የ14ና የ20 ዶላሩ ጫማ እንግዲህ ይህ ነው። ርካሹን መግዛት ነውር የለውም፤ እኔም እገዛለሁ። ግን ቀሪው 6 ዶላር ማን ጋ እንደሄደ አውቃችሁ ግዙ። በእውነት የቀነሰ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ለእናታችሁ ላኩት። ወደ እናንተ የሚመለስ ዕዳ ከሆነ ደግሞ ሱቁ ርካሽ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ የምትችሉ በዚህ ወር የገዛችሁትን አንድ ዕቃ ዋጋ፣ ከዴሊቨሪውና ከመንገዱ ጋር ደምራችሁ በወረቀት ይዛችሁ ኑ። አብረን እናሰላዋለን።

ቸር ሰንብቱ።